«ግንኙነት የለም» ሲል ስልካችንን ለምን እንደወረደ እናምነዋለን?

በነቀምቴ፣ በበከኒሳ ቀሴም ሆነ በሌሎቹ የከተማዋ ክፍሎች፣ እንዲሁም በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ለሚኖር ተማሪ የሞባይል ስልክ ዛሬ ከመጽሐፍ፣ ከመዝገበ ቃላትና ከሒሳብ ማሽን ጋር እኩል የትምህርት መሣሪያ ሆኗል። የመማሪያ መተግበሪያው፣ የባንክ አገልግሎቱ፣ የመዝገበ ቃላቱ ፕሮግራም ሁሉም የሚገኘው በአንድ በር ነው። ይህ በር ጉግል በ2008 እ.ኤ.አ. የከፈተውና ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕሌይ ስቶር ተብሎ የሚጠራው፣ ወይም አፕል በ2008 እ.ኤ.አ. የከፈተው አፕ ስቶር የሚባለው የመተግበሪያ መደብር ነው። በሩ አልከፈት ሲል ስልኩ በእንግሊዝኛ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ትርጉሙም «ግንኙነት የለም፤ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ነው።

ተማሪው እንደገና ይሞክራል። አሁንም እንቢ ሲለው ካርድ ይሞላል፤ ስልኩን አጥፍቶ ያበራል፤ በመጨረሻም ወደ ጠጋኝ ይወስደዋል። እዚያ የሚሰጠው መፍትሔ በአብዛኛው አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ፎቶግራፉ፣ የክፍል ማስታወሻው፣ የስልክ ቁጥሩ ሁሉ ይጠፋል። ችግሩ ግን አንዳንዴ ከዚያ በኋላም ባለበት ይቆያል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። «ግንኙነት የለም» የሚለው መልእክት የበሽታ ምልክት እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ ወባ እንደማይይዘው ሁሉ፣ ይህን መልእክት ያሳየ ስልክ ሁሉ ግንኙነት አጥቷል ማለት አይቻልም። በሳይንስ ፋኩልቲ የሚማር ወይም ለመማር የሚያስብ ወጣት ደግሞ ምልክቱን ከመንስኤው ለይቶ መመርመር ይጠበቅበታል። ከዚህም አልፎ መልእክቱን በዚህ መልክ የጻፉት አምራቾች፣ መስመሩን የሚያስተዳድሩት ድርጅቶችና የእኛው ዩኒቨርሲቲዎች የየድርሻቸውን ኃላፊነት ሊወስዱ ይገባል።

አምስቱ ኬላዎች

ለመሆኑ መደብሩን ስንከፍት በስልኩ ውስጥ ምን ይካሄዳል? ነገሩን ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ ከሚደረግ የ331 ኪሎ ሜትር ጉዞ ጋር ብናመሳስለው ለመረዳት ይቀላል። መንገደኛው አምስት ኬላዎችን ማለፍ አለበት እንበል።

የመጀመሪያው ኬላ በስልኩና በአቅራቢያው ባለው ማማ መካከል ያለው የሬዲዮ ሞገድ ነው። ማማው ኤሌክትሪክ ካጣ ወይም ርቀቱ ከበዛ ጉዞው ከመነሻው ይቋረጣል። ሁለተኛው ኬላ አድራሻ ማግኘት ነው። ስልኩ የመደብሩን ስም ብቻ ያውቃል፤ ኮምፒዩተሮች ግን የሚገናኙት በቁጥር አድራሻ በመሆኑ ስሙን ወደ ቁጥር የሚለውጥለት ሌላ ኮምፒዩተር መጠየቅ አለበት። ሦስተኛው ኬላ የማንነት ማረጋገጫ ነው። በሌላው ጫፍ ያለው ኮምፒዩተር በእርግጥ የጉግል ወይም የአፕል መሆኑን ስልኩ የሚያውቀው በዲጂታል የምስክር ወረቀት አማካይነት ነው። አራተኛው ኬላ የተጠቃሚው አካውንትና የይለፍ ቃል ሲሆን፣ አምስተኛው ደግሞ የሚወርደውን ዕቃ ለማስቀመጥ በስልኩ ማኅደር ውስጥ በቂ ቦታ መኖሩ ነው።

መንገደኛው ከነዚህ በአንደኛው ቢቆም ተራው ተጠቃሚ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ያው «ግንኙነት የለም» ወይም ትርጉሙ የማይታወቅ የፊደልና የቁጥር ኮድ ነው። ከጌዶ የተመለሰውም፣ ከአምቦ የተመለሰውም፣ ሆለታ ደርሶ መታወቂያ የጠፋበትም ሁሉም «መንገዱ ተዘግቷል» ብለው ቢያወሩ፣ ሰሚው የትኛውን ኬላ ሊያስከፍት ይችላል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ልዩነቱ በሽታውን የደበቀው ሕመምተኛው ሳይሆን ቴርሞሜትሩ መሆኑ ነው።

ሰዓታችንና ካሌንደራችን

ከአምስቱ ኬላዎች ለኢትዮጵያዊ ተጠቃሚ ልዩ ትርጉም ያለው ሦስተኛው ነው። እያንዳንዱ ዲጂታል የምስክር ወረቀት ሁለት ቀኖች ተጽፈውበታል፤ አንዱ መጽናት የጀመረበት፣ ሌላው የሚያበቃበት ቀን ነው። ስልኩ ወረቀቱን ሲቀበል የራሱን ሰዓት ያያል። ዛሬ የሚለው ቀን በሁለቱ መካከል ካልዋለ ወረቀቱን አይቀበልም፤ ግንኙነቱንም ያቋርጣል። ይህ ጥብቅነት ሌባ በአሮጌ ወረቀት እንዳያታልለን የተደረገ ጥንቃቄ ነው።

አሁን በአገራችን የተለመደውን አንድ ነገር እናስብ። እኛ ዘመን የምንቆጥረው ከአውሮፓውያኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ዘግይተን ነው። አንድ ሰው ስልኩ «የተሳሳተ» ዓመት ያሳየው ይመስለውና በእጁ ያስተካክለዋል። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነበር። በዚያ ዕለት ስልኩን 1/1/2018 ብሎ የሞላ ሰው፣ ስልኩ የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን ካሌንደር ብቻ በመሆኑ፣ ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በላይ ወደ ኋላ መለሰው ማለት ነው። ጉግል ለአገልጋይ ኮምፒዩተሮቹ የሚጠቀምባቸው የምስክር ወረቀቶች ዕድሜ ደግሞ ሦስት ወር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ስልክ ዓይን የመደብሩ የምስክር ወረቀት ገና ያልተወለደ ሰው የያዘው መታወቂያ ነው። ስልኩ በሩን ይዘጋል፤ ለባለቤቱም «ግንኙነት የለም» ይለዋል። ሞገዱ ሙሉ ነው፤ ካርድ አለ፤ ስልክ መደወልም ይቻላል። ጥፋቱ ያለው ቀኑ ላይ ነው።

ባትሪው ፈጽሞ ያለቀበት አሮጌ ስልክም ተመሳሳይ ችግር ሊያመጣ ይችላል። አብዛኞቹ ስልኮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመደመር ነው። ቆጠራው ከጠፋ ስልኩ ወደዚያ ዘመን ወይም ወደተሠራበት ዓመት ሊመለስ ይችላል።

የሰዓቱ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። እኛ ቀኑን የምንጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነውና ስልኩ 8፡00 ሲል የእኛ ሰዓት 2፡00 ነው። ሰዓቱን በእጁ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰ ሰው መደብሩን ላያጣው ይችላል፤ የምስክር ወረቀቱ ከትናንት በፊት የተሰጠ ከሆነ የስድስት ሰዓት ስሕተት አያፈርሰውም። ይሁን እንጂ በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጡ የማረጋገጫ ኮዶች ከእንዲህ ያለ ስልክ ሲወጡ ትክክል አይሆኑም። ባለቤቱም የገዛ አካውንቱን መክፈት ይሳነዋል።

ታዲያ የኢትዮጵያን ሰዓት በስልክ ማየት አይቻልም ማለት ነው? ይቻላል፤ ቁልፉ በሰዓትና በሰዓት ቀጠና መካከል ያለውን ልዩነት መረዳት ነው። ስልኩ በውስጡ የሚቆጥረው አንድ ዓለም አቀፍ ጊዜ ነው፤ ለእኛ የሚያሳየው ግን የቀጠናውን ልዩነት ደምሮ ወይም ቀንሶ ነው። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። በስድስት ሰዓት የምንዘገይበትን ቀጠና ከፈለግን ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት የሚዘገይ አገር መምረጥ ነው፤ የአርጀንቲና ዋና ከተማ ቦነስ አይረስ በዚህ ቀጠና ትገኛለች። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች የቀንና ሰዓቱን ራስ ገዝ አሠራር ሳይነኩ ቀጠናውን ብቻ ወደ ቦነስ አይረስ ቢለውጡት፣ ነቀምቴ ላይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኩም 2፡00 ይላል። ቀኑ የሚለወጠውም እኛ ከሌሊቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በምንለው ጊዜ ይሆናል። በውስጡ ያለው እውነተኛ ጊዜ ስላልተዛባ የምስክር ወረቀቶች አይወድቁም። ይህ ግን ብልሃት እንጂ መፍትሔ አይደለም። ኢትዮጵያዊ የገዛ ሰዓቱን ለማየት በአርጀንቲና በኩል መዞር አልነበረበትም።

ስልኩ ጤነኛ፣ መንገዱ ዝግ

ሁሉንም ጥፋት በተጠቃሚው ሰዓት ላይ መጫን ግን ፍትሐዊ አይሆንም። የወለጋ ሕዝብ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። መንግሥት በአካባቢው ከታጣቂዎች ጋር ይዋጋ በነበረበት ወቅት፣ ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ሳምንት ጀምሮ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች የሞባይልና የመደበኛ ስልክ እንዲሁም የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘግቶ የስልክ ጥሪና አጭር መልእክት የሚሠራው እንደ ነቀምቴ ባሉ ዋና ዋና ከተሞች ብቻ እንደነበር ሂውማን ራይትስ ዎች በወቅቱ ዘግቧል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲነገር መስመሩ ገና አልተከፈተም ነበር፤ የተከፈተው በዚያው በመጋቢት ወር ማብቂያ ላይ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጧል።

በእነዚያ ወራት ስልኩ የጻፈው መልእክት ሰዓቱ ለተዛባበት ሰው የሚጽፈውን ያንኑ ነበር። አንዱ በአንድ ጣት ንክኪ የሚስተካከል ነው፤ ሌላውን ግን የትኛውም ጠጋኝ ሊያስተካክለው አይችልም። ሁለቱን መለየት ያልቻለ ሰው በራሱ ስሕተት መስመሩን ይወቅሳል፤ ወይም መስመሩ በተዘጋበት ቀን ጤነኛ ስልኩን ፎርማት ያስደርጋል።

መዘጋቱ ጥሎት የሚሄደው ሌላም ቅሪት አለ። ከየካቲት 2 እስከ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው በቆዩባቸው አምስት ወራት ተጠቃሚዎች እገዳውን የሚያልፉት ቪፒኤን በሚባሉ ፕሮግራሞች ነበር። ቪፒኤን የስልኩን ግንኙነት በሙሉ በሌላ አገር ባለ ኮምፒዩተር በኩል ያዞረዋል። እገዳው ሲነሣ ፕሮግራሙ በስልኩ ውስጥ ከቀረና በሌላ አገር ያለው ኮምፒዩተር ሥራ ካቆመ፣ ስልኩ ወደሌለ ድልድይ መንዳቱን ይቀጥላል። መልእክቱም ያው ይሆናል።

የስልኩ ዕድሜም ሊረሳ አይገባም። ጉግል ከሴፕቴምበር 27 ቀን 2021 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ መስከረም 17 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ጀምሮ አንድሮይድ 2.3.7 እና ከዚያ በታች ያላቸው ስልኮች በአካውንት እንዳይገቡ አድርጓል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት አዳዲስ የሁዋዌ ስልኮች ያለ ጉግል አገልግሎት ለገበያ ቀርበዋል። እንዲህ ዓይነቱን ስልክ የያዘ ሰው ቢደክም አይሳካለትም፤ ቀድሞ ቢያውቅ ግን ገንዘቡን ያድናል።

ምርመራው በምን ቅደም ተከተል ይሁን?

ጥሩ ሙከራ ሁለት ባሕርያት አሉት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፤ ርካሽና ጉዳት የሌለውን ከውድና አጥፊው ያስቀድማል። በዚህ መርሕ ብንሄድ ቅደም ተከተሉ የሚከተለውን ይመስላል።

አስቀድሞ ማነጻጸሪያ እንፈልግ። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ድርጅት ሲም የሚሠራ የጓደኛ ስልክ መደብሩን ይከፍታል? የእርሱም ካልከፈተ ችግሩ የጋራ ነውና ስልካችንን አንንካው። የእርሱ ከከፈተ ቀጥለን ቀኑንና ዓመቱን እንይ፤ ሴቲንግ በሚባለው ክፍል ገብተን ሰዓቱን ከመረብ እንዲወስድ እናድርግ። ሦስተኛ፣ በዚያው ስልክ አንድ ሌላ ድረ ገጽ እንክፈት። ድረ ገጹ ከተከፈተ ሞገዱና አድራሻው ደኅና ናቸው ማለት ነው፤ ካልተከፈተ በኢትዮ ቴሌኮም ሲም *804# ደውለን ቀሪ ሒሳባችንን እንጠይቅ። የገዛነው ጥቅል ለተወሰኑ መተግበሪያዎች ብቻ የሚያገለግል ከሆነ እነዚያ እየሠሩ መደብሩ ሊዘጋ እንደሚችል እናስታውስ። አራተኛ፣ ቪፒኤን ካለ እናጥፋው። አምስተኛ፣ በማኅደሩ ውስጥ የቀረውን ቦታ እንመልከት። ስድስተኛ፣ የመደብሩን ጊዜያዊ ክምችት እናጽዳ፤ ይህ ፎቶግራፍም ሆነ ማስታወሻ አይነካም። ሰባተኛ፣ በዋይፋይ እየሞከርን ከሆነ በሞባይል ዳታ፣ በዳታ ከሆነ በዋይፋይ እንሞክር።

ፎርማት ከነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው፤ አደጋውም መረጃ በማጥፋት ብቻ አያበቃም። ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ በተሠሩ ብዙ ስልኮች ላይ ፎርማቱ በስልኩ ቁልፎች ጥምረት ከተካሄደ፣ ስልኩ ሲነሣ ቀድሞ የነበረውን የጉግል አካውንት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ስልኩ ሲገዛ አካውንቱን የከፈተው ሻጩ ከሆነና ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ካላወቀው፣ መደብሩ ብቻ አልከፈት ያለው ስልክ ጨርሶ የማይከፈት ዕቃ ሆኖ ይቀራል።

መደብሩ እንቢ ሲል መተግበሪያውን ከጓደኛ በዜንደር ወይም በቴሌግራም መውሰድም ተለምዷል። ተማሪው ለምን እንደሚያደርገው ይገባኛል፤ ዳታ ውድ ነው፤ ፈተናም አይጠብቅም። ነገር ግን በእጅ የተቀባበሉት ፋይል በመንገድ ላይ ማን እንደነካው አይታወቅም። የባንክ መተግበሪያን በዚህ መንገድ መጫን የቤትን ቁልፍ መንገድ ላይ ለተገኘ ሰው አስቀርጾ እንደመውሰድ ነው። ለመዝገበ ቃላት የሚታለፍ ነገር ለገንዘብ አይታለፍም።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

«ተጠቃሚው የሚፈልገው ስልኩ እንዲሠራለት ነው፤ የምስክር ወረቀትና የሰዓት ቀጠና ለምን ያስጨንቀዋል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን እንዲያጠኑ መጠየቅ አይገባም። ይህ እንግዲህ ጥያቄውን ወደ አምራቾቹ ያዞረዋል። ስልኩ ግንኙነቱን ያቋረጠው በቀኑ ምክንያት መሆኑን ከማንም በፊት የሚያውቀው ራሱ ስልኩ ነው። የሚያውቀውን ደብቆ «ግንኙነት የለም» ማለቱ የቴክኒክ ግዴታ አይደለም፤ የንድፍ ምርጫ ነው። የኢትዮጵያን ካሌንደር የማስላት ዘዴም ዩኒኮድ በሚያሳትማቸው የፕሮግራም መሣሪያዎች ውስጥ ከገባ ብዙ ዓመታት ሆኖታል። ጉግል በትርጉም አገልግሎቱ አማርኛን በ2016፣ አፋን ኦሮሞን በ2022 እ.ኤ.አ. ጨምሯል። ቋንቋውም ስሌቱም ካለ፣ በአገራችን በሚሸጥ ስልክ ላይ «ዓመቱ የተሳሳተ ነው፤ ላስተካክለው?» የሚል አንድ መስመር በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ማስገባት ከባድ አይደለም።

የቴሌኮም ድርጅቶችም መስመር በሚቋረጥበት ጊዜ የተቋረጠበትን አካባቢና ምክንያት በግልጽ ሊናገሩ ይገባል። ዝምታቸው የሚያስከትለው ወጪ በየከተማው ጤነኛ ስልኩን ለሚያስፈታ ሰው ይተርፋል።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል? በነቀምቴ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በየከተማውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና የሳይንስ ክበቦች አሉ። የኮምፒዩተር ሳይንስና የፊዚክስ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ በነፃ የሚመረምሩበት የስልክ ክሊኒክ ቢከፍቱ፣ ከላይ የተዘረዘሩትን ሰባት ፈተናዎች በአንድ ገጽ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አትመው ለጠጋኞችም ቢያድሉ፣ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የትኛው መንስኤ ስንት ጊዜ እንዳጋጠማቸው መዝግበው ቢያቆዩ ደግሞ ለአምራቾችና ለቴሌኮም ድርጅቶች የሚቀርብ አገር በቀል ማስረጃ ይሆናል። ጠጋኙን ከሥራ የሚያስወጣ ነገርም አይደለም፤ ስክሪንና ባትሪ ሁልጊዜ ይሰበራሉ፣ ያረጃሉ።

ጉዳዩ ወደፊት ይበልጥ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ የድረ ገጽ የምስክር ወረቀቶች ረጅሙ ዕድሜ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 398 ቀን ነበር፤ በ2025 እ.ኤ.አ. በተደረሰው ስምምነት መሠረት ደረጃ በደረጃ እያጠረ ሄዶ በማርች 2029 እ.ኤ.አ. 47 ቀን ይሆናል። ዕድሜያቸው ባጠረ ቁጥር የስልክ ሰዓት ስሕተት ይቅርታ የሚያገኝበት ጊዜም ያጥራል። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ስልክዎ «ግንኙነት የለም» ባለዎት ጊዜ ለጠጋኝ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «ለመሆኑ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ትላለህ?»